የፀደይ ሰማይ ከኮርንዋል፣ ከጥቂት የኮርኒሽ ቃላት ጋር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኮርንዋል መኖር ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ማታ ማታ ከመብራት ርቆ ቆሞ ሰማይ የማየት አመል የያዘኝ እዚህ ነው። የአገሬው ቋንቋ፣ ኮርኒሽ፣ ከዚሁ ጋር ተያይዞ መጣ። ለንደንና ብሪስቶል ያሉ ጓደኞቼ ፀደይ በመጣ ቁጥር ስልክ ይደውላሉ። መቼ እንምጣ? የት እንቁም? ደግሞ ያ ቋንቋ ምን ያደርግልሃል? አንዴ ጽፌው ልረፍ ብዬ ነው። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር፣ ወሩንና ዓመቱን በፈረንጁ አድርጌዋለሁ።

ኮርኒሽ የሞተ ቋንቋ አይደል እንዴ?

ሞቶ ነበር። አሁን ይናገሩታል። ኮርንዋል ከእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ እንደ ምላስ የወጣ ምድር ነው። ቋንቋው የእንግሊዝኛ ዘዬ እንዳይመስላችሁ። የዌልስኛ እና ፈረንሳይ ውስጥ የሚነገረው የብሬቶንኛ እህት ነው። ተናጋሪዎቹ አገሩን «ኬርኖው»፣ ቋንቋውን «ኬርኔዌክ» ይሉታል።

ማውዝል የምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር አለች። እዚያ ዓሣ ትሸጥ የነበረችው ዶሊ ፔንትሪዝ በ1777 ሞተች። በኮርኒሽ አፋቸውን ከፈቱት ሰዎች የመጨረሻዋ እሷ ናት ይባላል፤ የሚከራከሩበትም አሉ። በ1904 ሄንሪ ጄነር የሚባል ሰው የቋንቋውን መማሪያ መጽሐፍ አሳተመ። ከዚያ ወዲህ ሰዎች ከመጽሐፍ እየተማሩ፣ እርስ በርስ እየተነጋገሩ መልሰው አቆሙት። በ2002 የብሪታንያ መንግሥት ዕውቅና ሰጠው። በ2008 የጋራ አጻጻፍ ወጣለት። በ2010 ዩኔስኮ «የጠፋ» ከሚለው መደብ አወጣው። በ2011 የሕዝብ ቆጠራ 557 ሰዎች ዋና ቋንቋችን ነው ብለው ሞሉ። በትርፍ ጊዜያቸው የሚማሩት እዚህ ቁጥር ውስጥ የሉም።

«የሞተ ቋንቋ» ሲባል የሚከፋቸው ሰዎች አሉ። ፊት ለፊታቸው ባትሉት ይሻላል።

ኮከብ ለማየት ኮርኒሽ ማወቅ ያስፈልጋል?

ኧረ በፍጹም። ዓይን ካላችሁና ካልደመነ ይበቃል።

እኔን የጠቀመኝ ግን አንድ ነገር አለ። ስም የሌለውን ነገር ዓይን አልፎት ይሄዳል። በእንግሊዝኛው ስም ስማር ሁሉም ነገር ከትምህርት ቤት መጽሐፍ የወጣ ይመስለኝ ነበር። በኮርኒሽ ሲሆን ማረሻ፣ አንበሳ፣ ዘውድ፣ ጅራት ሆነ። የቤትና የእርሻ ቃል ማለት ነው። ሃያ ያህል ቃል ይዛችሁ አንድ ሌሊት ማሳለፍ ትችላላችሁ። እያንዳንዱን ቃል ሰማይ ላይ ካለው ነገር ጋር እስክታገጣጥሙ ትቆማላችሁ። መቆሙ ነው ዋናው።

ፀደይ ስትል የትኛውን ነው?

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም እኛ ቃሉን አደበላልቀነዋል። ብዙ ሰው «ፀደይ» ሲባል የሚመጣለት መስከረም ነው፣ አደይ አበባው። በባሕረ ሐሳብ አቆጣጠር ግን የመስከረሙ «መፀው» ነው። ፀደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ነው፤ ገበሬው በልግ የሚለው። ስለዚህ ከፈረንጁ ፀደይ ጋር ብዙ አይራራቅም። እዚህ ከማርች እስከ ሜይ ያለውን ማለቴ ነው። ኮርኒሾች «ጔንቶን» ይሉታል።

መቼ ልምጣ?

ከማርች አጋማሽ እስከ ሜይ አጋማሽ ባለው ጊዜ፣ ጨረቃ በሌለችበት ሳምንት። ከሁለቱ ሁኔታዎች ሁለተኛውን ነው ሰው የሚረሳው። አንድ ጓደኛዬ አምስት ሰዓት ነድቶ ሙሉ ጨረቃ ባለችበት ሌሊት መጣ። ጥላችንን እያየን ሻይ ጠጥተን ተመለስን።

ሌላው የመሸበት ሰዓት ነው። ኢትዮጵያ ፀሐይ ከጠለቀች ከአንድ ሰዓት ትንሽ አለፍ ሲል ድቅድቅ ይላል። እዚህ እንዲያ አይደለም። ኤፕሪል አጋማሽ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 2 ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው። በደንብ የሚጨልመው 4 ሰዓት ከሩብ አካባቢ ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ትጠብቃላችሁ። ከሜይ መጨረሻ እስከ ጁላይ አጋማሽ ደግሞ ጭራሽ በደንብ አይጨልምም፤ ሌሊቱን ሁሉ ሰሜኑ ፈካ እንዳለ ያድራል። ፀደይ ያመለጠው ሰው እስከ ነሐሴ ይታገስ።

ማርች መጨረሻ እሑድ ላይ ሰዓት አንድ ወደፊት ይገፋል። ይህንንም አስቡ።

የት ልቁም?

ሁለት ቦታ እመክራለሁ። አንደኛው ቦድሚን ሙር ነው፣ በኮርኒሽ «ጎን ብሬን»። ሰፊ፣ ነፋሻ፣ ፈረሶችና በጎች የሚሰማሩበት ደጋ ሜዳ። ከ2017 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ደረጃ «የጨለማ ሰማይ» ቦታ ተብሎ ተመዝግቧል። ኮሊፎርድ ሐይቅ ዳር መኪና ማቆሚያ አለ፤ ለጀማሪ እሱ ይቀላል። ሚኒየንስ መንደር አጠገብ ደግሞ ሃርለርስ የሚባሉ ሦስት የድንጋይ ክቦች አሉ። በአፈ ታሪኩ እሑድ ቀን ኳስ ሲጫወቱ ድንጋይ የሆኑ ሰዎች ናቸው። ሰንበት የሻረ ምን እንደሚሆን እናቴ እየነገረችኝ ካደግሁት ታሪክ ብዙም አይርቅም።

ሁለተኛው ዌስት ፔንዊዝ ነው፣ የምድሩ ጫፍ። በ2021 መጨረሻ እሱም ተመዘገበ። በሦስት በኩል ባሕር ስለሆነ የከተማ ብርሃን አይበዛበትም። «ሜን አን ቶል» የሚባለው መሐሉ ክብ ቀዳዳ ያለው ድንጋይ እዚያ ነው። ስሙ ራሱ ትምህርት ነው። «ሜን» ድንጋይ፣ «ቶል» ቀዳዳ፣ «አን» ደግሞ እንግሊዝኛው «ዘ» የሚለው መስተአምር ነው። ባለ ቀዳዳው ድንጋይ እንደማለት።

አደጋውን ልንገራችሁ። ሁለቱም ቦታ ድሮ ቆርቆሮ የሚወጣበት ነበር። የተተዉ የማዕድን ጉድጓዶች አሉ፣ አንዳንዶቹ በቁጥቋጦ ተሸፍነዋል። በጨለማ ከመንገድ ወጥታችሁ አትዙሩ። ቀን ሄዳችሁ የምትቆሙበትን አይታችሁ ማታ ተመለሱ። የባሕር ገደል አጠገብማ ወደ ላይ እያዩ መራመድ እብደት ነው።

መጀመሪያ የትኞቹን ቃላት ልያዝ?

ከ«ስቴረን» ጀምሩ። ኮከብ ማለት ነው፣ አንዲት ኮከብ። ብዙ ሲሆኑ «ስቴር»።

እዚህ ጋ አንድ የሚገርም ነገር አለ። እኛ ከነጠላው ተነስተን ብዙውን እንሠራለን፦ ኮከብ፣ ከዋክብት። ኮርኒሽ ግን በአንዳንድ ቃላት ከብዙው ይነሳል። «ስቴር» ከዋክብት ነው፣ ጅምላው። ከጅምላው አንዷን ነጥላችሁ ማውጣት ስትፈልጉ መጨረሻው ላይ «ኤን» ትጨምራላችሁ፣ «ስቴረን» ትሆናለች። ዛፍም እንዲሁ ነው። «ጒዝ» ዛፎች፣ «ጒዘን» አንድ ዛፍ። ደመናም እንዲሁ፦ «ኮሞል» ደመናው፣ «ኮሞለን» አንዷ ቁራጭ ደመና። መጀመሪያ በጅምላ የሚታየው ነገር በጅምላ ይጠራል። ለሰማይ ተመልካች ይህ ሰዋስው በጣም ይስማማል። ቀና ስትሉ መጀመሪያ የምታዩት ስቴርን ነው። ስቴረን ላይ ለመድረስ ጊዜ ይወስዳል።

ደግሞ በቁጥር ሲመጣ እንደ እኛ ነው። «ሰባት ኮከብ» እንደምንለው፣ እነሱም «ሴይስ ስቴረን» ይላሉ። ቁጥሩ ካለ ነጠላው ይበቃል።

የቀረውን በሩጫ ልናገር። ሰማይ «ኤብሮን» ነው፤ መላእክት ያሉበት ሰማይ ሲሆን ግን «ኔቭ»። ጨረቃ «ሎር»፣ አዲስ ጨረቃ «ሎር ኖዊዝ»። ፀሐይ «ሆውል»። ሌሊት «ኖስ»። ብርሃን «ጎሎው»። የጨረቃ ብርሃን «ሎርጋን»፣ የከዋክብት ብርሃን «ስቴርጋን»። ዝናብ «ግላው»። ንፋስ «ጒንስ»። በእኛ ፀሐይና ጨረቃ ሁለቱም ሴቶች ናቸው፣ ፀሐይም ወጣች ጨረቃም ወጣች። በኮርኒሽ ግን ጨረቃ ሴት፣ ፀሐይ ወንድ ነው።

አቅጣጫዎቹን በጣም ነው የምወዳቸው። ምሥራቅ «ሆውልድሬቬል» ነው፣ የፀሐይ መነሻ። ምዕራብ «ሆውልሴዜስ»፣ የፀሐይ መቀመጫ። የእኛም ቃላት እኮ ይኸው ናቸው። ምሥራቅ «ሠረቀ» ከሚለው፣ ምዕራብ «ዐረበ» ከሚለው ግእዝ የመጡ ናቸው፤ መውጫና መግቢያ። ከዚያ ፊታችሁን ወደ ሆውልድሬቬል አዙራችሁ ቁሙ። ግራ እጃችሁ «ክሌዝ» ነው። ክሌዝ ግራም ነው፣ ሰሜንም ነው። ቀኝ እጃችሁ «ዴኾው»፣ ቀኝም ደቡብም። ኮምፓስ የማያስፈልገው ቋንቋ ነው።

እነዚህን ቃላት በእኛ ፊደል መጻፍ ትክክል ይሆናል?

ከላቲኑ የሚሻልበት ቦታ ሁሉ አለ። ኮርኒሽ ቃል መጀመሪያው ላይ «ጔ»፣ «ጒ»፣ «ጓ» ይበዛዋል። እንግሊዝኛ ይህን በሁለት ፊደል ነው የሚጽፈው። እኛ ጋ ድምፁ የራሱ ፊደል አለው። ፀደይ «ጔንቶን»፣ የፈረንጁ ክረምት «ጓቭ»፣ ንፋስ «ጒንስ»። ፊደል ገበታው ጥግ ላይ ተቀምጠው ማን እንደሚጠቀምባቸው ግራ የሚያጋቡን ፊደሎች እዚህ ሥራ አገኙ።

የሚያስቸግረው ምላስ በጥርስ መሐል ወጣ ብሎ የሚባለው ድምፅ ነው። እኛ የለንም። እኔ ቀለል ያለውን በ«ስ»፣ ወፍራሙን በ«ዝ» ነው የጻፍኩት። ስለዚህ «ሴይስ» መጨረሻ ላይ ያለውን «ስ» ምላሳችሁን ትንሽ አውጥታችሁ በሉት። ሰው ካላየ ይቀላል።

እሺ፣ ፀደይ ላይ ምን አያለሁ?

ኤፕሪል መጨረሻ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል እንበል። ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ ሃያ ሠላሳ ደቂቃ ስጡት። በዚያ መሐል ስልክ አትክፈቱ። አንዴ ከከፈታችሁ ከዜሮ ነው የምትጀምሩት።

አንገታችሁን ሙሉ ወደ ኋላ ጣሉ። አናታችሁ ላይ ሰባት ብሩህ ከዋክብት አሉ። አራቱ ሳጥን ሠርተዋል፣ ሦስቱ ጎበጥ ብለው ተቀጥለዋል። ብሪታንያ ውስጥ ሰው «ማረሻ» ይለዋል። ማረሻ በኮርኒሽ «አራደር» ነው። «አረሰ» ከሚለው የእኛ ቃል ጋር ዘመድ ይመስላል፣ ግን መገጣጠም ብቻ ነው። ሦስቱ ኮከቦች እጀታ ናቸው ይላሉ። ለእኔ ሞፈር ነው የሚመስሉኝ።

ይህ ማረሻ የትልቁ ድብ አካል ነው። ድብ በኮርኒሽ «አርስ»። ከሳጥኑ ጠርዝ ያለችው ብሩህ ኮከብ ስሟ ዱብሄ ነው፣ ከዐረብኛው «ዱብ»። አማርኛ ተናጋሪ ይህን ስም ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል። በዚያው የሳጥኑ ጠርዝ አጠገቧ ካለችው ኮከብ፣ ከሜራክ፣ ተነስታችሁ በዱብሄ በኩል መስመር አስምሩ፤ የሁለቱን ርቀት አምስት ጊዜ ያህል ሂዱ። የሰሜን ኮከብን ታገኛላችሁ። በጣም ደማቅ አይደለችም፤ ብዙ ሰው «ይቺ ናት?» ይላል። ይቺው ናት። ቦታዋን አለመልቀቋ ነው ሙያዋ።

አሁን ወደ ጎበጠው ሞፈር ተመለሱ። ጉብጠቱን ሳትለቁ ወደ ታች ቀጥሉ። ብርቱካን መልክ ያላት በጣም ብሩህ ኮከብ ላይ ትወድቃላችሁ። አርክቱረስ ናት። ወደ 37 የብርሃን ዓመት ትርቃለች። ይኸውም ዛሬ ዓይናችሁ የገባው ብርሃን ከ37 ዓመት ገደማ በፊት የተነሳ ነው። ያኔ የት እንደነበራችሁ አስቡት፤ እኔ አዲስ አበባ ዳዴ እል ነበር። ያንኑ ጉብጠት ይዛችሁ ወደ ደቡብ ዝቅ ካላችሁ ነጣ ሰማያዊ ያለች ስፓይካን ታገኛላችሁ። እሷ ወደ 250 የብርሃን ዓመት ትርቃለች። ዐውደ ነገሥት ያገላበጠ ሰው ቤቷን ያውቀዋል፣ ሰንቡላ ነው።

ደቡብ ላይ ከፍ ብሎ አንበሳ ተቀምጧል። እኛ «አሰድ» የምንለው ኮከብ። በኮርኒሽ አንበሳ «ሌው» ነው። ራሱና ደረቱ የተገለበጠ የጥያቄ ምልክት ይመስላል፤ ነጥቧ ሬጉሉስ ናት። ከሌው ወደ ምዕራብ ሸርጣን አለ፣ «ካንከር»። ከዋክብቱ ደብዛዛ ናቸው፣ ሰው ያልፋቸዋል። ግን መሐላቸው ላይ ጭጋግ የመሰለ ነገር ታያላችሁ። ባይኖኩላር አድርጉበት። ወደ 600 የብርሃን ዓመት የሚርቅ የከዋክብት መንጋ ነው፤ ፈረንጆቹ የንብ ቀፎ ይሉታል። እኔ ከፀደይ ሰማይ አንድ ብቻ ምረጥ ብባል ይህን ነው የምመርጠው። ከዚያ ወደ ምዕራብ መንትዮቹ እየወረዱ ነው፣ «ጌቬልዮን»።

ምሥራቅ በኩል፣ ከአርክቱረስ በታች፣ ግማሽ ክብ የሠሩ ትንንሽ ኮከቦች አሉ። የሰሜን አክሊል። ዘውድ በኮርኒሽ «ኩሩን» ነው። በዚህ አክሊል ዳር በተለምዶ በዓይን የማትታይ አንዲት ኮከብ አለች። በ1866 እና በ1946 በድንገት ፈክታ በባዶ ዓይን ታይታለች። ወደ ሰማንያ ዓመት ልዩነት ነው። ስለዚህ እዚያ አካባቢ ዓይኔን ሳላሳርፍ አልገባም።

ፍኖተ ሐሊብስ?

በፀደይ ምሽት አትጠብቁት። አድማስ ላይ ተኝቷል። እኛ ያለንበት ጋላክሲ እንደ እንጀራ ጠፍጣፋ ነው በሉ። በፈረንጁ በጋ ላይ በእንጀራው ጠርዝ በኩል ነው የምናየው፣ ስለዚህ ከዋክብቱ ተደራርበው ነጭ መንገድ ይሆናሉ። ፀደይ ላይ ግን ማታ ማታ ከእንጀራው ወደ ላይ ነው የምናየው። ከዋክብቱ ይሳሳሉ። መጋረጃው ሲነሳ ከኋላው ሌሎች ጋላክሲዎች ይታያሉ። በሌውና በሰንቡላ መካከል በቴሌስኮፕ ብትቃኙ ትንንሽ የጭስ ጠብታዎች የመሰሉ ነገሮች ይበዛሉ። ከ50 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት በላይ የሚርቁ ናቸው። ለዚህ ነው የቴሌስኮፕ ሰዎች ጸደይን የሚጓጉለት። ባዶ የሚመስለው ሰማይ ነው ሀብታሙ።

ፕላኔቶችን በኮርኒሽ ምን ይሏቸዋል?

የሳምንቱን ቀናት ካወቃችሁ ጨርሳችኋል። ማክሰኞና ማርስ ሁለቱም «ሜርስ» ናቸው፤ ማርች ወርም «ሚስ ሜርስ» ነው። ረቡዕና ሜርኩሪ «ሜርኸር»። ሐሙስና ጁፒተር «ዮው»። ዓርብና ቬነስ «ጔነር»። ቅዳሜና ሳተርን «ሳዶርን»። ከሮማውያን የመጣ ነው። ቀኑን ለመለየት ፊቱ ላይ «ዲ» ይጨመርበታል፦ «ዲ ጔነር» ዓርብ ነው። የእኛ ቀናት ብዙዎቹ በቁጥር የተሠሩ ናቸው፦ ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ። ቅዳሜም የመጀመሪያው ሰንበት ነው። ኮርኒሽ ሐሙስ ብሎ ሲጠራ ጁፒተርን እየጠራ ነው።

ቬነስ ንጋት ላይ ስትወጣ የተለየ ስም አላት። እኛ «አጥቢያ ኮከብ» እንላታለን፣ እነሱ «ቦርሎወን»።

የትኛው ፕላኔት በየትኛው ፀደይ እንደሚታይ ከዓመት ዓመት ይለያያል። ስልክ ላይ ያለ የሰማይ ካርታ ይነግራችኋል፤ ቤት ሳላችሁ እዩት።

እነዚህ ቃላት የእውነት ጥንታዊ ናቸው ወይስ አሁን የተፈጠሩ?

ሁለቱም አሉ፣ እና መለየት ጥሩ ነው። መሠረታዊዎቹ ያለ ጥርጥር የቆዩ ናቸው። በ1100 ገደማ የተዘጋጀ የላቲንና የኮርኒሽ የቃላት ዝርዝር አለ። ገና መጀመሪያው ላይ ሰማይ፣ ኮከብ፣ ፀሐይና ጨረቃ ይገኛሉ። ከመቶዎች ዓመት በኋላ ደግሞ «ኦርዲናሊያ» የሚባሉ ሃይማኖታዊ ተውኔቶች ተጻፉ። የመጀመሪያው ስለ ፍጥረት ነው። በአራተኛው ቀን ፀሐይ፣ ጨረቃና የከዋክብት ብርሃን ሲፈጠሩ «ሆውል»፣ «ሎር»፣ «ስቴርጋን» የሚሉትን ቃላት ታገኛላችሁ። እንዲህ ያሉ ተውኔቶች የሚታዩት ደጅ ነበር፣ ክብ በሆነ የሣር ሜዳ። ዌስት ፔንዊዝ ውስጥ ሴንት ጀስት ከተማ መሐል አንዱ ሜዳ እስከ ዛሬ አለ። ሰማይ ሥር ቆሞ ስለ ሰማይ መፈጠር መስማት ነው እንግዲህ።

ከዚያ ውጭ ያለው፣ በተለይ የዘመናችን የሳይንስ ቃል፣ ብዙው በሃያኛው ክፍለ ዘመን የተሰፋ ነው። ከድሮ ጽሑፍ፣ ከዌልስኛ፣ ከብሬቶንኛ እየተበደሩ። እኔ በዚህ ምንም አልቀየምም። እኛስ «ሥነ ፈለክ» ያልነው መቼ ነው? የሚያናድደኝ ትናንት የተሠራን ቃል «የጥንት ኬልቶች ምሥጢር» ብሎ የሚሸጥ ሰው ነው። የመታሰቢያ ዕቃ መሸጫ ቤት ውስጥ ብዙ አለ።

ተወርዋሪ ኮከብ አያለሁ?

ኤፕሪል 22 አካባቢ ላይሪድ የሚባሉት ይመጣሉ። ብዙ አይደሉም፤ ዝናብ ጠብቃችሁ ከመጣችሁ ታዝናላችሁ። ሌሊቱ ሲገፋ ይሻላሉ። ምንጫቸው በ1861 የታየ ጅራታም ኮከብ የተወው ብናኝ ነው። ጅራታም ኮከብ በኮርኒሽ ማን እንደሚባል ገምቱ። «ስቴረን ሎስቴክ»። «ሎስት» ጅራት ነው። ቃል በቃል ጅራታም ኮከብ! መጀመሪያ ስሰማው አስተማሪዬ ፊት ጮክ ብዬ ሳቅሁ።

ከአገር ቤት ሰማይ ጋር ልዩነቱ ምንድን ነው?

ዋናው የሰሜን ኮከብ ከፍታ ነው። ከአዲስ አበባ ከአድማስ 9 ዲግሪ ብቻ ከፍ ትላለች። ተራራና ሕንፃ ይሸፍናታል፤ አይቷት የማያውቀው ብዙ ነው። ኮርንዋል 50 ዲግሪ ላይ ናት። በዚህ የተነሳ ማረሻው እዚህ ፈጽሞ አይጠልቅም። አገር ቤት ግን ወርዶ ይሰወራል።

በተራችን የምንኮራበትም አለ። በኤፕሪልና ሜይ እኩለ ሌሊት አቅራቢያ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ካያችሁ የደቡብ መስቀልን ታያላችሁ። ኮርንዋል ተወልዶ ያረጀ ሰው ከደጁ ሆኖ አንድ ቀን አያያትም። ይህን ለጎረቤቴ ስነግራት ቅናቷ ፊቷ ላይ ይታይ ነበር።

አርክቱረስ ከሁለቱም ቦታ ትታያለች። እዚህ ደቡብ ላይ ከፍ ትላለች፣ አዲስ አበባ ደግሞ አናት ላይ ልትሆን ምንም አይቀራት። ከእናቴ ጋር ስልክ እየተነጋገርን ሁለታችንም እሷን ያየንበት ምሽት ነበር።

ቴሌስኮፕ ልግዛ?

አይ። መጀመሪያ 10 በ50 ባይኖኩላር፣ አሥር እጥፍ የሚያቀርብ፣ የፊት መስታወቱ 50 ሚሊሜትር የሆነ። ለፀደይ ከበቂ በላይ ነው። ቀይ መብራት ያለው ባትሪ፣ ወፍራም ጃኬት፣ ሻይ በፔርሙስ። ሜይም ቢሆን ሌሊቱ ይበርዳል። ይህን የማያምነኝ ሰው ሁሉ ብርድ ልብሴን ወስዶብኛል።

ደመና ቢሆንስ?

ይሆናል። ኮርንዋል ነው። «ኮሞል» የምትለዋን ቃል የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ያለ ምንም ጥናት ትይዟታላችሁ። ጥሩነቱ ንፋሱ ከአትላንቲክ ስለሚነፍስ ደመናው አይቀመጥም። ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ካልሆነ ግቡ።

ከዚህ አካባቢ የወጣ ታዋቂ የሰማይ ሰው አለ?

ጆን ካውች አዳምስ። በ1819 ቦድሚን ሙር ጫፍ ላይ፣ ላኒስት በምትባል መንደር ከገበሬ ቤት ተወለደ። ዩራነስ ከተሰላላት መንገድ ፈንገጥ ስትል የሚጎትታት ሌላ ያልታየ ፕላኔት አለ ብሎ ቦታውን በወረቀት አሰላ። ፈረንሳዊው ለቬሪየ በዚያው ሰሞን ያንኑ ይሠራ ነበር። በሴፕቴምበር 1846 ኔፕቲውን በርሊን ላይ በቴሌስኮፕ ታየች፤ የተጠቀሙት የለቬሪየን ስሌት ነው። ክብሩ ለማን ይገባል የሚለው ክርክር ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ቆየ። እኔ ለፈረንሳዊው ነው የማደላው፤ ስሌቱን አውጥቶ «እዚህ ጋ እዩ» ያለው እሱ ነው። ይህን እዚህ መጠጥ ቤት ውስጥ አልናገርም።

ልጆች ይዤ ብመጣ ይሰለቻቸዋል?

ሥራ ከሰጣችኋቸው አይሰለቻቸውም። ማረሻውን በኮርኒሽ ያስቆጥሯቸው፦ ኦናን፣ ዴው፣ ትሪ፣ ፔስዋር፣ ፒምፕ፣ ሁዌኅ፣ ሴይስ። የእህቴ ልጅ አምና የሰባት ዓመት ልጅ ሆና መጣች። ሰባቱን ቆጠረች። ከዚያ ቆም አለች፣ አንገቷን አዘመመች። የሞፈሩ መሐለኛ ኮከብ ሚዛር ጎን አልኮር የምትባል ደብዛዛ ኮከብ አለች፤ ድሮ የዓይን ጥራት መፈተኛ ነበረች። ማንም አልነገራትም።

«አጎቴ፣ ከሴይስ ቀጥሎ ምንድን ነው የሚባለው?»

«ኤስ» አልኳት።